የፊት ሞላ ከመፈታቱ በፊት

የፒክአፕዎ አፍንጫ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ፣ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለፉ ቁጥር ከፊት በኩል የብረት ድምፅ ከሰሙ፣ ሞላው ደክሞ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለኩ። የግራውና የቀኙ ቁጥር በግልጽ ከተለያየ ወደ ጋራዥ መሄድዎ አይቀርም።

ሞላውን በራስዎ እጅ ይፍቱ ልል አይደለም። ነገር ግን ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ካወቁ ጋራዥ ሲመርጡ ይጠቅምዎታል፤ ሲያስፈልግም “ቆይ፣ ይቁም” ለማለት ድፍረት ይሰጥዎታል።

ሞላ ከሌሎች የመኪና ዕቃዎች የሚለየው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ባትሪው ተነቅሎም ጉልበቱን ይዞ መቆየቱ ነው። ሁለት ቶን የሚጠጋ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል። ስለዚህ አንዱ የፊት ሞላ ግማሽ ቶን ያህል ሸክም አለበት። እንዲህ ያለ ጠንካራ ሞላ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲጨመቅ በውስጡ የሚያምቀው ጉልበት፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጉልበት ጋር ይቀራረባል። ጤፉ ግን የሚወድቀው ወደ መሬት ነው። ያመለጠ ሞላ ወደ የት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፊቱ ያለው ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው።

የመኪናው ዓይነት አሠራሩን ይለውጠዋል። እንደ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ከፊት ድፍን አክሰል ያላቸው መኪናዎች ላይ ሻሲው ተደግፎ፣ ሾክ አብዞርበሩ ተፈትቶ፣ አክሰሉ በክሪክ ቀስ እያለ ሲወርድ ሞላው እየላላ ይመጣል። እዚህ ላይ ሥጋቱ የአክሰሉ ክብደት ነው፤ የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር መጠበቅ አለበት። በአንጻሩ ከ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት ሃይሉክሶች፣ እንዲሁም ኮሮላና ቪትዝን የመሳሰሉ የቤት መኪናዎች፣ ሞላቸው ሾክ አብዞርበሩ ላይ ተጠምጥሞ የተቀመጠ ነው። ትልቁ አደጋ ያለውም በዚህኛው ላይ ነው።

ኮፈኑን ከፍተው የሾኩን የላይኛውን ጫፍ ካዩ፣ ዙሪያውን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳዶዎች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ አንድ ዳዶ ያገኛሉ። የዙሪያዎቹ ሾኩንና ሞላውን አንድ ላይ ከመኪናው አካል የሚያስለቅቁ ናቸው። የመሀሉ ግን ሞላውን አምቆ የያዘው ነው። ዕቃው መኪናው ላይ እያለም ሆነ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የመሀሉ ዳዶ አይፈታም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

መጭመቂያው ራሱ ውስብስብ አይደለም። በብዛት የሚታየው ዓይነት ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡሎን የሞላውን ጥምዝ ከላይና ከታች የሚይዙ ጥፍሮች አሉት። ሁለቱ ትይዩ ሆነው፣ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንዱ ጥቂት ዙር፣ ሌላውም ጥቂት ዙር እየተፈራረቁ ይጠብቃሉ። አንዱ በጣም ከቀደመ ሞላው ይጎብጥና ጥፍሩ ሊያመልጥ ይችላል። የሚጠብቀውም በእጅ መፍቻ ነው፤ በአየር የሚሠራው መፍቻ ይፈጥናል፣ ጥርሱንም ይበላዋል። ሞላው በበቂ መጨመቁ የሚታወቀው ከመቀመጫው ላቆ በእጅ ሲወዛወዝ ነው። የመሀሉ ዳዶ የሚፈታው ያኔ ነው። ሞላው ተሰብሮ ከሆነ ጥፍሮቹ ጤነኛውን ጥምዝ መያዛቸው በደንብ መታየት አለበት። ሽቦ፣ ገመድ ወይም የጎረምሳ ጉልበት መጭመቂያን አይተካም።

ከዚህ ሁሉ በፊት መኪናው በደንብ መቆም አለበት። ወለሉ ደልዳላ፣ የእጅ ፍሬኑ የተሳበ፣ የኋላ ጎማዎቹ በሽብልቅ የተያዙ ይሁኑ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ሻሲውን ደግፎ የሚያቆየው የብረት መደገፊያ መሆን አለበት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድንገት ሊፈርስ ይችላል። መንገድ ዳር በብሎኬት ላይ የተነሳ መኪና ካዩ ሥር የገባውን ሰው ያስቡ።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው። “በአንድ ሰዓት እናስረክባለን” የሚል ማስታወቂያ ደንበኛ እንደሚስብ አሳምሬ አውቃለሁ። ለዘይት ቅያሪ ይሁን። ለሞላ ግን እንዲህ የሚለኝን ጋራዥ አልመርጥም። ደግሞም ሞላው አጠገብ የሚንበረከከው ብዙ ጊዜ መካኒኩ ሳይሆን ረዳቱ ነው። ልጅ እግር፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ መነጽር የሌለው። እኛ ደንበኞች “ቶሎ በሉ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ላወጣ ነው” ስንል የምናጣድፈው እሱን ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት “ወንድሜ፣ ሞላውን በምን ነው የምትጨምቁት?” ብለው ይጠይቁ። መሣሪያው አውጥተው ቢያሳዩዎት ጥሩ ነው። ቡሎኑ የተጣመመ፣ ጥርሱ የተበላ ወይም ጥፍሩ የተሰነጠቀ ከሆነ አመስግነው ይሂዱ። “ለዓመታት ያለዚያ ሠርተናል” ከተባሉም እንደዚያው። ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዘው ከሄዱ ደግሞ ልጆቹ ሥራው እስኪያልቅ ከግቢው ውጭ ይቆዩ፤ እርስዎም ስልክ ይዘው ለመቅረጽ አጠገቡ አይጠጉ።

ሞላ የሚቀየረው በጥንድ ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው እንዳዘነበለ ይቀራል። በአንዳንድ መኪና የግራውና የቀኙ ሞላ ስለሚለያይ የዕቃ ቁጥሩን ሳያረጋግጡ አይግዙ። መኪናው ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ሞላ መቁረጥ ወይም በእሳት ማሞቅ ብረቱን ያበላሸዋል፤ ቢረክስም እምቢ ይበሉ። የቦኮላዎቹ ቡሎኖች የመጨረሻ ማጥበቂያ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ቦኮላው ተጠማዞ ይቀርና ቶሎ ያልቃል። ከዚያ አላይመንት ያሠሩና አሮጌዎቹን ሞላዎች ተረክበው ይውጡ።