የፋብሪካ ደመወዝ፦ ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ሐዋሳ ፒያሳ ቡና ላይ ስለ ከተማዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወሬ ሲነሳ «ብዝበዛ ነው» የሚለው ይበዛል። የነጻ ገበያ ምሁራን ግን መልስ አላቸው። ኢኮኖሚስቱ ሃየክ በ1954 እ.ኤ.አ. አርታኢ ሆኖ ባወጣው መጽሐፍ፣ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ድህነትን አልፈጠሩም፤ ቀድሞ የነበረ ነው የሚል ክርክር ቀርቧል። በዚህ ሐሳብ፣ በፓርኩ የምትሠራው ልጅም ከገጠር የመጣችው አማራጯን መዝና ነው ማለት ነው።

ግማሹን እቀበላለሁ። ተመራማሪዎቹ ብላትማንና ደርኮን በኢትዮጵያ ለአምስት ድርጅቶች ያመለከቱ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ ለይተው ሲከታተሉ ግን፣ ከተቀጠሩት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ዕጣው ካልወጣላቸው አልበለጠም። በ2019 እ.ኤ.አ. የፓርኩ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱበት!

አሠሪዎች፣ «ሠራተኛ አይረጋም» ከማለታችሁ በፊት የኪራዩን ዋጋ ጠይቁ።