ወረንጦውን ከእናቶች እጅ ማን ይውሰድ?



በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ በዳሮ ለቡ ወረዳ የምትገኘው መቻራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሀገራችን የዓይን ሐኪሞች አብዛኞቹ ያሉት ደግሞ በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። ታዲያ እንደ መቻራ ባሉ ትንንሽ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የእናቶችን ዓይን ማን ይጠብቃል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የጤና ጣቢያው ነርስ ናቸው።

ትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ፣ ከሕፃን ወደ ሕፃን በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ሲደጋገም የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰላል፤ ቆቡ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ እሱ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሕፃናትን የሚንከባከቡት ሴቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ ለዕውርነት የሚዳረጉት እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸው ነበር።

ሕክምናው አለ። ለአንድ ወር ያህል የሠለጠነ ነርስ ቆቡን በጤና ጣቢያ በቀዶ ጥገና ያቃናል፤ እናቲቱም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከባዱ ሥራ ግን ከመርፌው በፊት ያለው ነው። «ዓይኔን ሊያወጡት ነው» የሚል ፍርሃት አለ፤ «ልጆቼን ማን ያይልኛል?» የሚል ጭንቀት አለ። ይህን የምትፈታው ቤቱን የምታውቅ፣ በኦሮምኛ የምታዋራ፣ ባልየውንም አስቀምጣ የምታስረዳ ሠራተኛ ናት። እናቶችም ፊታቸውን ገልጠው ለመመርመር በሴት ፊት አይሳቀቁም።

ይህ በሩቅ አገርም ታይቷል። በአውስትራሊያ ዶክተር ፍሬድ ሆሎውስ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1978 ለአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ለአቦርጂኖች፣ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ሲመሩ፣ ከሕዝቡ የወጡ ሠራተኞች ከሐኪሞቹ ጋር ተሰልፈው ወገኖቻቸውን ያግባቡ ነበር። ወደ 100 ሺህ ሰው ተመርምሯል። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት በኋላ በኦሮሚያም ትራኮማን ለማጥፋት ሠርቷል።

አንዳንዶች «አላህ ያመጣው ነው» ብለው ሕክምና ይተዋሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን መታከምን አዘዋል። በቀደር ማመንና መድኃኒት መፈለግ አይጋጩም።

ውድ ወላጆች! ዲናችን ፊትን መታጠብን የዉዱእ ግዴታ አድርጎታል። ዳሩ ግን ልብ እንበል፤ ሶላት እንዲሰግዱ የሚታዘዙት 7 ዓመት የሞላቸው ልጆች ናቸው፤ ትራኮማ የሚበረታው ግን ከዚያ በታች ባሉት ላይ ነው። እኛ ዉዱእ አድርገን ስንሰግድ ልጃችን ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሮ አጠገባችን ይጫወታል። ስለዚህ በዉዱእ ሰዓት የሕፃኑም ፊት ይታጠብ። «ውሃ የለም» አንበል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ በሁለት እጅ እፍኝ በሚገመት ውሃ፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ማሊ በ2023 ትራኮማን እንደ ማኅበረሰብ ጤና ችግር ማስወገዳቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላቸዋል። እኛስ ምን ያግደናል? ኢማሞች የመድኃኒት እደላውን ቀን ከጁሙዓ በኋላ ያስታውቁ። አባቶች ሚስቶቻቸውንና እናቶቻቸውን ራሳቸው ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ነርስ መሆን የምትፈልገውን ልጃቸውንም አይከልክሉ፤ ነገ የጎረቤቷን እናት ዓይን የምታድነው እርሷ ልትሆን ትችላለችና።

አላህ (ሱ.ወ) የዓይናችንን ብርሃን ይጠብቅልን፤ ለዚህ የሚደክሙትንም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን!