ዕጣና የመንደሮች ስፋት

ዕጣ አያዳላም ሲባል እንሰማለን፤ ነገሩ ግን እንደ አወጣጡ ነው። ስለ ናሙና አወሳሰድ ከተማርነው ሁሉ እኔን የገረመኝ ይህ ስለ ሆነ ለአንባብያን ባጭሩ ላስረዳ።

ሦስት መንደሮች አሉ እንበል፤ አንደኛው 600፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 100 ቤቶች አሉት። ጠያቂው የሁሉን ደጅ ለማንኳኳት ጊዜም ገንዘብም ስለሌለው ካንዱ መንደር 20 ቤቶች ብቻ ሊጠይቅ ፈለገ። የመንደሮቹን ስም በሦስት ወረቀት ጽፎ አንዱን ቢያነሣ ትክክል የሠራ ይመስላል። ነገር ግን ትንሹ መንደር ሲወጣ ከ5 ቤቶች አንዱ ይጠየቃል፤ ትልቁ ሲወጣ ከ30 አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ የትልቁ መንደር ሰው ሐሳቡን የመጠየቅ ዕድሉ ከትንሹ መንደር ሰው በስድስት እጅ አነሰ ማለት ነው። ማንም ሳይከለክለው!

መፍትሔው ለየመንደሩ በቤቶቹ ቁጥር ልክ ዕድል መስጠት ነው። ያን ጊዜ ትልቁ መንደር ከ10 ዕድል 6ቱን ይይዛል፤ ቢወጣም የሚጠየቁበት 20 ቤቶች ብቻ ስለ ሆኑ ነገሩ ተካክሶ የሦስቱም መንደር ቤት ሁሉ ዕድሉ ከ50 አንድ ይሆናል።

ይህን ዕጣ ለማውጣት አንዱ መንገድ ቁጥሮቹን እየደመሩ መሄድ ነው፤ 600፣ 900፣ 1,000። ከ1 እስከ 1,000 ካሉት ቁጥሮች በዕጣ 734 ቢወጣ፣ ከ600 በላይ ከ900 በታች ነውና ሁለተኛው መንደር ተመረጠ። ላሂሪ የተባለው የህንድ ሊቅ በ1951 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሌላው መንገድ መደመር የለበትም። መጀመሪያ ከሦስቱ አንድ መንደር፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 600 አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ከመንደሩ ቤቶች ካልበለጠ መንደሩ ይያዛል፣ ከበለጠ ሁለቱም ተጥለው እንደ ገና ይወጣል። አንዱ መንደር ከሌሎቹ እጅግ የገዘፈ እንደ ሆነ ግን ዕጣው ደጋግሞ እየወደቀ ያሰለቻል። ኮምፒዩተር ድምሩን በቅጽበት በሚሠራበት ዘመን እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ።

ባገራችንም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች፣ 202 ከከተማ 443 ከገጠር፣ በስፋታቸው ልክ ዕድል ተሰጥቷቸው ተመርጠዋል፤ ከየቦታውም 28 ቤተ ሰቦች ተወስደዋል። ስፋታቸው የታወቀው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነበርና፣ በመካከሉ ቤት የተሠራበትም የፈረሰበትም ስለሚኖር፣ 28ቱ ከመውጣታቸው በፊት ቤቶቹ እንደ ገና ተመዘገቡ። አሮጌው ቁጥርና አዲሱ ያልተስማሙበት ቦታ በኋላ በስሌት ይታረማል።