በጨርቅ ክንፍ የተዋጉ ሴቶች

ፖ-2 የምትባለው አውሮፕላን ለውጊያ አልተሠራችም። ኒኮላይ ፖሊካርፖቭ በ1920ዎቹ መጨረሻ የነደፋት ጀማሪ አብራሪዎች እንዲማሩባት ነበር፤ ቆይታም በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ ትረጭ ጀመር። አካሏ እንጨት ነው፤ ልባሷ ጨርቅ። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ፍጥነቷ ቢበዛ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ መቀመጫዎቿ ጣሪያ ስለሌላቸው የሩሲያ ክረምት ፊትን ይገርፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቭየት ኅብረት ሴቶች የናዚን ጦር እንቅልፍ የነሡት በዚህች አውሮፕላን ነው።

መንገዱን የከፈተችው ማሪና ራስኮቫ ናት። በ1938 ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከሞስኮ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ያለ ዕረፍት በመብረር በአገሯ ሁሉ ስሟ ታውቋል። ጀርመን አገሪቱን ስትወር ብዙ ወጣት ሴቶች «እኛም እንዝመት» እያሉ ደብዳቤ ይጽፉላት ጀመር። ጥያቄያቸውን ለመንግሥት ይዛ ቀረበች፤ በኦክቶበር 1941 ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ ታዘዘ። በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በኤንግልስ ከተማም ዓመታት የሚፈጀውን ሥልጠና በወራት አጠናቀቁ። የተሰጣቸው ልብስ የወንድ ስለነበር በሰፊ ቦት ጫማ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቁ ነበር።

ከሦስቱ መካከል 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንት ከአዛዧ ከየቭዶኪያ ቤርሻንስካያ እስከ መካኒኳ ድረስ ሁሉም ሴት ነበሩ። የመጀመሪያ ዘመቻቸውን ያደረጉት በጁን 1942 ነው።

ቀን ላይ በዚህች አውሮፕላን መታየት ሞት ነው፤ ስለዚህ ጨለማን ተገን አደረጉ። ከፊት አብራሪዋ፣ ከኋላ አቅጣጫ መሪዋ ይቀመጣሉ። ሬዲዮ ስለሌላቸው መንገዱን የሚያውቁት በካርታ፣ በኮምፓስና በእጅ ሰዓት ነው። ዒላማው ሲቃረብ አብራሪዋ የሞተሩን ጉልበት ዝቅ ታደርግና አውሮፕላኗ እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር የሚሰማው የነፋስ ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ወዲያው ቦምቡ ይወድቃል። ጀርመኖች ያን ድምፅ በተረት ጠንቋዮች ከሚበሩበት መጥረጊያ ጋር አመሳስለው «የሌሊት ጠንቋዮች» አሏቸው። ቀርፋፋነቷም ጠቀመ፤ ፈጣኑ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን በእሷ ልክ ልዝገም ካለ ከሰማይ ይወድቃልና ሊከተላት ይቸገር ነበር።

አውሮፕላኗ የምትሸከመው ቦምብ ጥቂት በመሆኑ ጉልበቱ በምልልሱ ላይ ነበር። አንዷ አርፋ ሳትውል ሳታድር መካኒኮቹ ነዳጅ ይሞላሉ፣ የጦር መሣሪያ ባለሙያዎቹ በጨለማና በብርድ ቦምቡን በእጃቸው ተሸክመው ይሰቅላሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሳ ትነሣለች። ናዴዥዳ ፖፖቫ በአንድ ሌሊት ብቻ 18 ጊዜ በርራለች። ኢሪና ሴብሮቫ ደግሞ በጦርነቱ ዘመን ከ1,000 ጊዜ በላይ ዘምታለች። እነዚህን ቁጥሮች የአብራሪዎቹ ብቻ አድርጎ ማየት ግፍ ነው፤ እያንዳንዱ በረራ መሬት ላይ የቀሩት ልጃገረዶች ወገብም ጭምር ነው።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ለቦምብ ክብደት ሲባል እስከ 1944 ድረስ ፓራሹት አልያዙም። በጁላይ 31 ቀን 1943 ሌሊት፣ በኩባን ግንባር፣ ጀርመኖች መድፋቸውን ዝም አሰኝተው የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን ላኩባቸው። በፍለጋ መብራት የተያዙት የጨርቅ ክንፎች እንደ ችቦ ነደዱ፤ አራት አውሮፕላኖችና ስምንት ሴቶች በአንድ ሌሊት አለቁ። የቀሩት ግን ዘመቻውን አላቋረጡም።

ሬጅመንቱ በ1943 የዘበኛ ጦር የተባለውን የክብር ማዕረግ አግኝቶ 46ኛው ተባለ። ከ23,000 በላይ በረራ አድርጎ፣ 23 አባላቱ የሶቭየት ኅብረት ጀግና ተብለው፣ በኦክቶበር 1945 ተበተነ።

ከእነዚያ ጀግኖች አንዷ የቭጌኒያ ሩድኔቫ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተማሪ ነበረች፤ ከዋክብት የምታጠናበትን ሰማይ ትታ በዚያው ሰማይ ሥር አቅጣጫ መሪ ሆነች። በአፕሪል 1944 ከርች አጠገብ አውሮፕላኗ ተመትታ ሞተች። ዛሬ በፀሐይ ዙሪያ ከሚዞሩት አስትሮይዶች አንዱ በስሟ ሩድኔቫ ይባላል። ትምህርቷን ያስጣላት ጦርነት አልፏል፤ ስሟ ግን ልታጠናው ወደተመኘችው ሰማይ ተመልሷል።