አፉን ክፈቱልኝ

ከብት ማድለብ የጀመሩ የከተማ ሰዎች አንዳንዴ ተናደው ይደውሉልኛል፤ «ዶክተር፣ ነጋዴው አታሎኛል፤ በሬው የላይ ጥርስ የለውም!» የትኛውም በሬ የላይ የፊት ጥርስ የለውም። በቦታው ያለው ጠንካራ ድድ ነው። ከታች 8 የፊት ጥርሶች፣ ከኋላ ከላይና ከታች 24 መንጋጋዎች፣ በድምሩ 32። የገበያ ሰው ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የታቹን በማየት ዕድሜውን ይገምታል። የወተት ጥርሶቹ 2 ዓመት ገደማ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው መለወጥ ይጀምራሉ፤ አራቱም ጥንድ ሲሟላ በሬው 4 ዓመት አካባቢ ነው።

ላም ሣሩን በምላሷ ጠቅልላ፣ በታች ጥርሷና በድዷ መካከል ይዛ ትነጨዋለች። ስለዚህ ለምላስ የሚበቃ ርዝመት ያለው ሣር ያስፈልጋታል። በተጋጠ መስክ ላይ ላሟ ከስታ አህያዋ ደህና የምትሆነው አንድም በዚህ ነው፤ አህያ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላላት ከመሬት አስጠግታ ትቆርጣለች። በግም እንደ ላም የላይ ጥርስ ባይኖረውም የተሰነጠቀው ከንፈሩ ይረዳዋል። ላም የነጨችውን እምብዛም ሳታላምጥ ትውጣለች፤ ዋናው ማላመጥ ኋላ ስታመሰኳ ነው፤ እሱም በቀን እስከ 8 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሚስማርና ሽቦ ከሆዷ የሚገኘው እንዲህ ስለምትውጥ ነው።

ፈረስ ግን አያመሰኳም። የዋጠውን መልሶ ስለማያገኘው መጀመሪያውኑ አድቅቆ መፍጨት አለበት፤ የታች መንጋጋውን ወደ ጎን እያመላለሰ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ሣር አሸዋ የሚመስል ሻካራ ነገር በውስጡ ስላለው ጥርስ ይበላል። ለዚህም የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ረጅም ነው፤ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እየወጣ የተበላውን ይተካል።

ችግሩ የሚመጣው ጋሪ ፈረስ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መስክ ላይ መዋል ሲገባው ታስሮ ፉርሽካና እህል ይሰጠዋል። እነዚህን ሲበላ መንጋጋው በአብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚሄደው። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል የላይ ጥርሶች የውጭ ጠርዝ ሳይፈጭ ይቀርና እንደ ምላጭ ይሾላል፤ ከታች ደግሞ የውስጡ ጠርዝ። አንዱ ጉንጩን፣ ሌላው ምላሱን ይቆርጠዋል። ባለጋሪው «ወስፋት ነው፣ መድኃኒት ስጠኝ» ይላል። እኔ በቅድሚያ ግርግሙን ነው የማየው፤ ተላምጦ የተተፋ የድርቆሽ ጥቅል ካለ፣ ፋንድያው ውስጥም ያልተፈጨ እህል ከታየ፣ አፉን ማስከፈት ነው። ሾሉን በሞረድ እናስተካክላለን። ባለቤቱ ያመዋል ብሎ ይሳቀቃል እንጂ ጠንካራው የውጭ ሽፋን ነርቭ የለውም። ልጓም አልቀበል ያለ ፈረስም በዚሁ ሰበብ ሲገረፍ ማየት ያናድደኛል።

ውሻ ሳያላምጥ ዋጠ ብለው የሚጨነቁም አሉ። የውሻ መንጋጋ ወደ ጎን አይፈጭም፤ የጎን ጥርሶቹ እንደ መቀስ እየተላለፉ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ ቀሪው የጨጓራ ሥራ ነው። የጅብ ደግሞ ለአጥንት መስበሪያ የወፈሩ ናቸው፤ ኩሱ የሚነጣው ከዚያ አጥንት በሚወጣው ካልሲየም ነው።

ያረጀ ፈረስ ተቀብሮ የነበረው ጥርሱ ተበልቶ ሲያልቅ ሞረድም አይረዳውም። ያን ጊዜ ድርቆሹን አስትቼ፣ ወጣት ፈረሶች ላይ የምነቅፈውን ያንኑ ፉርሽካ በውኃ አርሰው እንዲሰጡት አዛለሁ።