አየርን ሲለካ የኖረ ሰው

ጠርሙሱ ውስጥ ምንም የለም፤ አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል። ሲከፈት የውጭው አየር እያፏጨ ይገባል። የሚቀዳው ሰው በዚያች ቅጽበት ትንፋሹን መያዝ አለበት፤ ከአፋችን የሚወጣው አየር ከውጭው መቶ እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ናሙናውን ያበላሸዋል።

አሜሪካዊው ኬሚስት ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያው የቢግ ሰር ጫካ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳ አየር የሚቀዳው በእንዲህ ዓይነት ባለ 5 ሊትር ጠርሙስ ነበር። ከእርሱ በፊት የተመዘገቡት ቁጥሮች እጅግ የተራራቁ ስለነበሩ የጋዙ መጠን ከቦታ ቦታ ይለያያል ተብሎ ይታመን ነበር። ኪሊንግ ግን ራሱ በሠራው መሣሪያ ሲለካ ሌላ ነገር አየ። ሌሊት ዕፅዋቱና አፈሩ የሚያስወጡት ጋዝ ይጠራቀማል፤ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲደባለቅ ግን የትም ቢቀዳ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 310 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። የጋራ መነሻ ቁጥር ከተገኘ ደግሞ መጨመር አለመጨመሩን ማወቅ ይቻላል።

በመጋቢት 1958 በሃዋይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ በማውና ሎአ እሳተ ገሞራ ተራራ የኪሊንግ አዲስ መለኪያ ሥራ ጀመረ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኢንፍራሬድ ጨረርን ስለሚውጥ፣ ጋዙ በበዛ ቁጥር በናሙናው የሚያልፈው ጨረር ያንሳል። የመጀመሪያው ንባብ 313 ነበር። እስከ ግንቦት ወጣ፤ ከዚያ እስከ መኸር ወረደ። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት በሞቃቱ ወቅት ሲያድጉ ጋዙን ይስባሉ፤ ሲረግፉና ሲበሰብሱ ይመልሱታል። በቀጣዩ ዓመት ያው መውጣትና መውረድ ተደገመ፤ ቁጥሩ ግን ካለፈው ዓመት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር።

ያን ጊዜ ዓመታዊው ጭማሪ ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ለማየት መሣሪያውን ይዘቱ በትክክል ከሚታወቅ ጋዝ ጋር ሳይታክቱ ማስተያየት ያስፈልጋል። የኪሊንግ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል። በጀት ሰጪዎች ግን ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ መለካት አዲስ ሳይንስ አልመሰላቸውም፤ በ1964 ገንዘቡ ተቀንሶ ልኬቱ ለወራት ተቋረጠ። ያ ክፍተት ዛሬም በመዝገቡ ላይ ይታያል። ኪሊንግ እስከ ዕለተ ሞቱ ስለ መዝገቡ ተሟገተ።

በ2005 ሲያርፍ ቁጥሩ 380 ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ሥራውን ልጁ ራልፍ ኪሊንግ ተረክቧል። በኅዳር 2022 ማውና ሎአ ፈንድቶ የቀለጠው ዐለት ወደ መለኪያው የሚወስደውን መንገድና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሲቆርጥ፣ ብዙም ሳይቆይ ልኬቱ በጎረቤቱ ማውና ኬአ ተራራ ላይ ቀጠለ።