ተመልካች ሲከራከር ማን ያተርፋል?

ከደብረ ታቦር ገበያ ድንች የሚጭን ነጋዴ በጆንያው አፍ ላይ የተደረደረውን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። አንዱን ጆንያ አስገልብጦ ከሥር ያለውን ያያል። ሻጩም ቢሆን ገልብጦ ያየ ገዢ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃልና አይቀየምም።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ወዳጆችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። «ይህ ሰው ባለፈው ክፍል ሞቶ አልነበረም?»፣ «እንዲህ ያለ ኃይል ካለው ያኔ እንዴት ተያዘ?» እያሉ ታሪኩን ይገለብጡታል። ያገኙትን የታሪክ ቀዳዳ ይቆጥራሉ፤ ለቀዳዳውም የየራሳቸውን መላምት ያቀርባሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። የገበያ ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። ለመሆኑ በዚህ ክርክር ውስጥ ገንዘብ አለ? ካለስ የማን ነው?

መልሱን ለማግኘት ንግዱ በስፋት ወደሚካሄድበት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ። ዋናው የተገዛው ንብረት ሕንጻ ወይም መሣሪያ ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ልዕለ ኃያል ገጸ ባሕርያት ነበሩ። እንዲህ ያለው ሀብት በመጋዘን አይቀመጥም። ዋጋ የሚኖረው ሰው ስለ እርሱ መነጋገሩን እስካላቆመ ድረስ ብቻ ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 «ዋንዳቪዥን» የተባለውን ባለ 9 ክፍል ተከታታይ ሲያቀርብ በአንድ ቀን አላራገፈውም። ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 5 ድረስ በየሳምንቱ ዓርብ እየቆጠበ አወጣው። ስሌቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው። አገልግሎቱ የሚከፈለው በየወሩ በመሆኑ ከአንድ ወር በላይ የሚዘልቅ ታሪክ ደንበኛውን ለሁለተኛ ክፍያ ያቆየዋል። በመካከሉ ያሉትን ስድስት ቀናት ደግሞ ተመልካቹ ራሱ በክርክር ይሞላቸዋል። ይህ ኩባንያው ያልከፈለበት ማስታወቂያ ነው።

ይሁንና ትርፉ አደጋም አለው። በ5ኛው ክፍል መጨረሻ ኢቫን ፒተርስ የተባለው ተዋናይ ብቅ አለ። ይህ ሰው ቀደም ሲል በፎክስ ኩባንያ ፊልሞች ላይ ሌላ ልዕለ ኃያል ሆኖ የተጫወተ ነው። ዲዝኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የፎክስን አብዛኛውን ንብረት በ71 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቷል። ስለዚህ ተመልካቾች የኩባንያዎቹን ግዢ እንደ ድራማ ፍንጭ ቆጠሩትና «የሁለቱ ቤት ጀግኖች ሊገናኙ ነው» የሚል መላምት አቆሙ። በመጨረሻው ክፍል ግን ሰውየው ምንም ኃይል የሌለው ተራ የከተማዋ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። ሳምንታት የጠበቁ ብዙ ተመልካቾች ቅር ተሰኙ።

እንግዲህ ፍንጭ ማለት ብድር ነው። ደራሲው ፍንጭ በጣለ ቁጥር ከተመልካቹ ትዕግሥት ይበደራል። መልሱ በጊዜው ከመጣ ዕዳው ተከፈለ። ካልመጣ ግን የታሪክ ቀዳዳ የሚባለው የተበላሸ ብድር ይሆናል። የባንክ ሰው በመክፈያ ጊዜው ያልደረሰን ብድር ከተበላሸው ለይቶ እንደሚያይ ሁሉ፣ አምራቹም ገና ያልተመለሰን ጥያቄ ከማይመለስ ጥያቄ መለየት ይኖርበታል። የመጀመሪያው ተመልካች ያቆያል፤ ሁለተኛው ያባርራል።

በአገራችንም ፍላጎቱ አዲስ አይደለም። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ መጨረሻው ምን ይሆን የሚለው ጉዳይ ቡና ላይ ያከራክር ነበር። ኤታን ኮሚክስም እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በሥዕላዊ መጽሐፍ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለአንባቢ አቅርቧል።

የደቡብ ጎንደር ባለሀብት ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ከደጁ ያገኘዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ያሠሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1867 ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ መንገድ እያስጠረጉና ሰው እያስጎተቱ፣ ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ ያደረሱት በማርች 1868 ነበር። ይህን ታሪክ በተከታታይ ድራማ ለመሥራት የሚነሳ ባለሀብት ቢኖር የተመልካቹን ጥያቄዎች ከወዲሁ ሊያውቃቸው ይገባል። መድፉ በአንድ ትዕይንት ጋፋት፣ በሚቀጥለው መቅደላ ቢታይ አገሩን የሚያውቅ ሰው «ከአምስት ወር በላይ የፈጀው መንገድ የት ገባ?» ይላል። ከሠሪዎቹ መካከል ወንጌል ለማስተማር የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩና «ሰባኪ እንዴት መድፍ ሠሪ ሆነ?» የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ያን ያህል ላብ የፈሰሰበት መድፍ የመቅደላን ዕጣ ለምን አልለወጠም የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳ ተመልካች ደመወዝ የማይጠይቅ ኦዲተር ነው። የተጻፈውን ድራማ ከቀረጻ በፊት ለአገር ሽማግሌና ለታሪክ መምህር ማስነበብ ጥቂት ቀናትና መጠነኛ ገንዘብ ቢወስድ ነው። ተዋናይ፣ ፈረስና ካሜራ ጋይንት ድረስ መልሶ አጓጉዞ አንድን ትዕይንት እንደገና መቅረጽ ግን በጀት ያናጋል።

ገንዘቡ የማን ነው ላልነው ጥያቄ አጭሩ መልስ የባለመብቱ ነው የሚል ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር እ.ኤ.አ. በ1938 መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጠው ትርፉ ለሌሎች ሆኗል። ስለሆነም አዲስ ገጸ ባሕርይ የሚፈጥር ሰው ውሉን አንብቦ ይፈርም። ቴዎድሮስ ግን የማንም የግል መብት አይደሉም፤ ዛሬ አንዱ የሠራውን ነገ ሌላው ሊሠራው ይችላል። በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ አንዱን አምራች ከሌላው የሚለየው የተመልካች አመኔታ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚገኘው በጥያቄ ሲገለበጥ ከሥሩ ያው ሆኖ በሚገኝ ሥራ ነው።